ጓንግዡ ማታ፦ የሚገዛው መጠጥ ሳይሆን ጠረጴዛ ነው

መርካቶ ሱቅ ያለው ዘመድ ካላችሁ ጓንግዡ የሚለውን ስም ከልጅነታችሁ ጀምሮ ሰምታችሁታል። ዕቃው ከዚያ ይመጣል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በቀጥታ ይበርራል። ስለ ገበያው፣ ስለ ጅምላ ሱቁ፣ ስለ ኮንቴይነሩ የማይወራ ነገር የለም። ስለ ማታው ግን የሚወራው ግማሹ ጉራ ነው፣ ግማሹ ደግሞ "ዘረፉኝ" የሚል ቅሬታ።

አንድ ጓደኛዬ የገጠመውን ልንገራችሁ። ሥራውን ጨርሶ ቅዳሜ ማታ ብቻውን አንድ ትልቅ ናይት ክለብ ገባ። መግቢያው ነፃ ነው፤ ደስ አለው። ባንኮኒ ፈለገ። ያገኛት ባንኮኒ ጥግ ላይ የተወሸቀች፣ ማንም ያልተደገፈባት ናት። መጨፈሪያውም የሳሎን ምንጣፍ ብታክል ነው። የቀረው ቦታ ሁሉ ሶፋና ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛውን የከበበ ሰው። ቆሞ የነበረው እሱ ብቻ ነው። አንዲት አስተናጋጅ መጥታ ስልኳ ላይ ቁጥር ጽፋ አሳየችው። የአንድ ቢራ ዋጋ መስሎት ሊጣላት ምንም አልቀረው። የጠረጴዛው ዋጋ ነበር።

ይህን ካወቃችሁ የዚያ ከተማ ማታ ግማሹ ይገባችኋል። ሌላውን እንቀጥል።

ጠረጴዛ መግዛት ምን ማለት ነው?

ክለብ ውስጥ ያለው ሶፋና ጠረጴዛ "ካዙዎ" ይባላል። ካዙዎ የራሱ "ዲሺያዎ" አለው። ዲሺያዎ ማለት እዚያ ለመቀመጥ ቢያንስ ማውጣት ያለባችሁ ገንዘብ ነው። ሁለት ሺህ ዩዋን ከተባለ፣ ውሃ ብቻ ጠጥታችሁ ብትወጡም ሁለት ሺህ ዩዋን ትከፍላላችሁ። ስለዚህ ውሃ ጠጥቶ የሚወጣ የለም።

ከነምግቡ የሚከራይ የሠርግ አዳራሽ አስቡ። "እኔ ምግቡን አልፈልግም፣ ወንበሩን ብቻ" ማለት አይቻልም። እዚህም እንደዚያው ነው። ለከፈላችሁት ጥቅል ይመጣል፦ አንድ ሁለት ጠርሙስ ውስኪ፣ መበረዣ፣ በረዶ፣ ሀብሐብ የተደረደረበት የፍራፍሬ ሳህን። ወይም ደግሞ ትንንሽ ቢራ በደርዘን። መበረዣው ብዙ ጊዜ ስኳር ያለው ቀዝቃዛ አረንጓዴ ሻይ ነበር፤ አሁን ፋሽኑ እየቀነሰ ቢመጣም አልጠፋም። ውስኪ በሻይ ሲበረዝ ማየት ለኛ ሰው ትንሽ ያማል። ቀምሳችሁ ፍረዱ እንጂ ያን ያህል አያስከፋም።

ዋጋው እንደ ቦታው ነው። ዲጄው አጠገብ ያለው ይወደዳል፣ መጸዳጃ ቤት አጠገብ ያለው ይረክሳል፣ አርብና ቅዳሜ ሁሉም ይጨምራል። ስምንት ሆናችሁ ስትካፈሉት አያስደነግጥም። ብቻችሁን ከሄዳችሁ የስምንት ሰው ሒሳብ ትከፍላላችሁ። የጓደኛዬ ጥፋትም ይኸው ነው፤ ብቻውን መሄዱ።

ጠረጴዛውን የሚሸጡት "ይንግሺያዎ" የሚባሉ ሰዎች ናቸው። በኛ ቋንቋ ደላላ። ደሞዛቸው በአብዛኛው ኮሚሽን ነው፤ ደንበኛ የሚይዙት ዊቻት በሚባለው የቻይና የስልክ መልእክት መተግበሪያ ላይ ነው። ደላላ ባለበት ደግሞ ድርድር አለ፤ ቀድሞ ጽፎ የሚጠይቅ ሰው በር ላይ ደርሶ ከሚጠይቅ ሰው ይልቅ የተሻለ ጥቅል ያገኛል። ያልጨረሳችሁት ውስኪም አይጣልም። ጠርሙሱ ላይ ምልክት አድርገው ያስቀምጡታል፣ ለእናንተ ካርድ ይሰጣችኋል፣ በሌላ ቀን ስትመጡ ይወጣል። ቸርነት እንዳይመስላችሁ፤ ተመልሳችሁ እንድትመጡ መያዣ ነው።

ባር ሁሉ እንዲህ ነው?

አይደለም። ከናይት ክለቡ ሌላ "ቺንግ ባ" የሚባል አለ፤ ጸጥ ያለ ባር እንደማለት። እዚያ ባንኮኒ ላይ ተቀምጣችሁ አንድ ብርጭቆ አዝዛችሁ አንድ ብርጭቆ ትከፍላላችሁ። ብቻውን ለሚሄድ ሰው የሚሆነው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተከፈተው ሆፕ ኤንድ ሰሰሚ በድሮው የዶንግሻን ሠፈር ውስጥ ካንቶናዊ (ካንቶን የጓንግዡ የድሮ ስም ነው) ሻይ ቤት በሚመስል በር ጀርባ ተደብቋል፤ በእስያ ምርጥ 50 ባሮች ዝርዝር ውስጥ የገባ ቤት ነው። አላፊ አግዳሚው ሻይ ቤት መስሎት ያልፈዋል።

ከዚያ ውጭ ዡጂያንግ ኒው ታውን የሚባለው የፎቆች ሠፈር አለ። የቢሮ ሠራተኛውና የውጭ ሰው የሚያዘወትራቸው ባሮች ሺንግሼንግ መንገድ ላይ ተደርድረዋል። ከዕንቁ ወንዝ ዳር ያለው ፓርቲ ፒየር ደግሞ ለብቻው ሊወራለት የሚገባ ነው። ቦታው ከ1985 ጀምሮ ዡጂያንግ ቢራ ይጠመቅበት የነበረ ፋብሪካ ግቢ ነው። የወንዙ ዳር መጋዘኖችና መጫኛው ወደ ባርና ምግብ ቤት ተቀይረዋል፣ የቢራ ሙዚየምም አለበት። ቁጭ ብላችሁ 600 ሜትር የሚረዝመው ካንቶን ታወር ቀለሙን ሲቀያይር ታያላችሁ። መቼም የፋብሪካውን ቢራ በድሮው ፋብሪካ በር ላይ መጠጣት የራሱ ጣዕም አለው።

ቢራውን ስታዝዙ ግን "ቢንግ ደ" በሉ፤ ቀዝቃዛውን ማለት ነው። ባሩ ላይ ችግር የለም። ተራ ምግብ ቤት ውስጥ ካላላችሁ ግን መደርደሪያ ላይ የዋለ ለብ ያለ ቢራ ሊመጣላችሁ ይችላል።

ለምን በጠረጴዛ ሆነ?

ምክንያቱ ከክለቡ ይልቅ የቆየ ነው። ቻይና ውስጥ መጠጥ ከድሮም የምግብ ጓደኛ ነው። ሰው የሚጠጣው ክብ ጠረጴዛ ዙሪያ፣ ከሚያውቀው ሰው ጋር፣ ምግብ መሃል ላይ ተቀምጦ ነው። የማያውቁት ሰው አጠገብ ባንኮኒ ተደግፎ መጠጣት ከውጭ የመጣ ነገር ነው። ሒሳቡንም ጋባዥ ይከፍላል። እኛ "ዛሬ በኔ ነው" እያልን የምንታገለው ትግል እዚያም አለ፤ እንዲያውም ይብሳል።

በዚህ ላይ "ሚያንዝ" አለ። ቃል በቃል ፊት ማለት ነው። እኛ "ፊት ነሳኝ" ስንል የምንለው ዓይነት ነገር ነው። እንግዶቹን ዲጄው ፊት ለፊት ያስቀመጠ፣ ጠርሙሱን ርችት ተለኩሶበት ያስመጣ ሰው የገዛው ሚያንዝ ነው። ክለቦቹ ይህን አውቀውታል። ለዚህ ነው ውድ ጠርሙስ ሲታዘዝ አስተናጋጆች በሰልፍ፣ በመብራት፣ ስም የተጻፈበት ሰሌዳ ይዘው የሚመጡት። አዳራሹ ሁሉ ማን እንዳዘዘ ማየት አለበት።

ጓንግዡ ራሷ ደግሞ የነጋዴ ከተማ ናት። ካንቶን ፌር ከ1957 ጀምሮ በዓመት ሁለት ጊዜ የዓለምን ገዢ ይሰበስባል። ሀገሪቱ በሯን መክፈት በጀመረችበት በ1978 ዶንግፋንግ ሆቴል ውስጥ "የሙዚቃ ሻይ ቤት" ተከፈተ፤ ሻይ እየጠጡ የቀጥታ ዘፈን የሚሰማበት። በ1983 ሻሚያን ደሴት ላይ ኋይት ስዋን ሆቴል መጣ፤ ከሆንግ ኮንግ ባለሀብት ገንዘብ ጋር። ሆንግ ኮንግ ቅርብ ስለሆነች ፋሽኑ፣ ዘፈኑ፣ ካራኦኬው በባቡር እንደሚመጣ ዕቃ ነው የገባው። ከመጀመሪያው ጀምሮ ማታው የገበያው ተቀጥላ ነበር፤ ቀን የተደራደሩ ሰዎች ማታ አብረው ይቀመጣሉ።

ያ ሁሉ የሚንኳኳው ኩባያ ምንድን ነው?

ባር ውስጥ ከሙዚቃው እኩል የሚሰማ ድምፅ አለ። ቀጭ ቀጭ ቀጭ፣ ከዚያ ጠረጴዛ ላይ ዷ! የፕላስቲክ ኩባያ ውስጥ የሚናጥ ዳይስ ነው፤ ሉዶ ስንጫወት የምንጥላት ባለ ስድስት ገጿ። ጨዋታው በማንዳሪን "ቹዪኒዩ" ይባላል። ቃሉ ላም መንፋት ማለት ነው፤ ትርጉሙ ግን ጉራ መንዛት። ካንቶኖቹም "የትልቅ ወሬ ዳይስ" ይሉታል።

እያንዳንዱ ሰው አምስት ዳይስ አለው። ናጥ ናጥ አድርጎ ይደፋዋል፣ ኩባያውን ከፈት አድርጎ የራሱን ብቻ ያያል። ሁለት ሰዎች ከሆናችሁ ጠረጴዛው ላይ ያለው አስር ዳይስ ነው። የእናንተ ሁለት አምስቶች፣ አንድ ሦስት፣ አንድ አራትና "አንድ" ቁጥር ናቸው እንበል። "አንድ" እንደፈለጋችሁት የምትቆጠር ጆከር ናት። ስለዚህ ሦስት አምስቶች አሏችሁ። "አራት አምስቶች አሉ" ትላላችሁ፤ ቢያንስ አንድ እሱ ጋር ይኖራል ብላችሁ። እሱ ወይ ይጨምራል፣ "አምስት አምስቶች"፣ "አራት ስድስቶች" ይላል፤ ወይ አላምንም ብሎ "ካይ!" ይላል። ክፈት ማለት ነው። ሁለታችሁም ትከፍታላችሁ። አምስቶቹ አራት ከሞሉ እሱ ይጠጣል፣ ካልሞሉ እናንተ።

ቋንቋ አይጠይቅም። በጣት ቁጥር ማሳየት ከቻላችሁ በቂ ነው። ግን አንድ ወጥመድ አለ፤ የቻይና የጣት ቁጥር ከአምስት በላይ ሲሄድም በአንድ እጅ ነው። አውራ ጣትና ትንሿ ጣት ተዘርግተው ሌሎቹ ከታጠፉ ስድስት ነው። እኛ "ደውልልኝ" የምንልበት ምልክት! ስንቱ ሀበሻ ስልኩን እንዳወጣ እግዜር ይወቀው።

"ጋንበይ" ሲሉኝ መጨረስ አለብኝ?

ጋንበይ ማለት ብርጭቆህን አድርቅ ማለት ነው። "በሞቴ" እያሉ ጉርሻ እንደማብዛት አድርጉት፤ እምቢ ማለት ይከብዳል፣ ግን አይቻልም ማለት አይደለም። ካንቶኖች በራሳቸው ቋንቋ "ያም ሲንግ" ይላሉ፣ ጠጥተህ አሸንፍ እንደማለት። ደረቅ የሚለውን ቃል ይሸሹታል። በነሱ አነጋገር ውሃ ገንዘብ ነው፣ መድረቅ ደግሞ ኪስ መራቆት። ነጋዴ "ድረቅ" እየተባባለ አይጠጣም።

ደቡቦቹ ከሰሜኖቹ ይልቅ ቀለል ያሉ ጠጪዎች ናቸው። ቢሆንም የሥራ እራት ላይ "ባይጂዩ" ሊመጣ ይችላል። ባይጂዩ በአብዛኛው ከማሽላ የሚወጣ ጠንካራ መጠጥ ነው፤ ስመ ጥሩው ማውታይ 53 በመቶ አልኮል አለው። አረቄ የሚያውቅ ሰው አይገረምም። ብርጭቆዋ ትንሽ ስለሆነች ግን ትሸውዳለች፤ ሰባተኛዋ ላይ ነው የምትናገረው።

ብርጭቆ ስታጋጩ የናንተን ከታላቃችሁ ብርጭቆ ዝቅ አድርጉ፤ አክብሮት ነው። የማትጠጡ ከሆነ ደግሞ መውጫ አለ፦ "ይ ቻ ዳይ ጂዩ"፣ በመጠጥ ፈንታ ሻይ። ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ ከተናገራችሁት ይከበራል። ሦስት ጠጥታችሁ አራተኛው ላይ ብታስታውሱት ማንም አይሰማችሁም።

ካራኦኬውስ?

"ኬቲቪ" ይሉታል። የኛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የቤተሰብና የጓደኛ ነው። ክፍል በሰዓት ትከራያላችሁ፣ ከውስጥ ካለች ትንሽ ሱቅ ቢራና ቺፕስ ትገዛላችሁ፣ በሩን ዘግታችሁ ትጮሃላችሁ። የልደት ቀን የሚያከብሩ ተማሪዎችና አክስቶች ነው የምታገኙት። ሁለተኛው "የቢዝነስ ኬቲቪ" የሚባለው ነው፤ አብረው የሚቀመጡ ሴቶች በክፍያ የሚመጡበት። ሒሳቡ ከጠበቃችሁት በላይ ያብጣል። ከዚያ አልፎ ወሲብ መሸጥም መግዛትም በቻይና ሕግ ክልክል ነው፤ የውጭ ሰው ከተያዘ እስርም፣ ከሀገር መባረርም አለ። መንገድ ላይ ካርድ እየሰጠ "ና ላሳይህ" የሚል ሰው የሚወስደው ወደ መጀመሪያው ዓይነት አይደለም።

ለውጭ ሰው መጠጥ በነፃ ነው የሚባለው እውነት ነው?

በከፊል። አንዳንድ ክለቦች የውጭ ሰዎችን አንድ ጠረጴዛ ላይ ሰብስበው በነፃ ያጠጣሉ። ምክንያቱ ያው ጠረጴዛ ነው። ባዶ ክለብ አይሸጥም፤ የሞላና ዓለም አቀፍ የሚመስል ክለብ ግን ለሚከፍለው ደንበኛ ዋጋ ይጨምራል። እናንተ ጌጥ ናችሁ ማለት ነው። ለጌጥ ደግሞ ይመረጣል። የቆዳ ቀለም እየታየ የሚጋበዝና የማይጋበዝ እንዳለ ብዙ አፍሪካውያን ይናገራሉ። የሚቀዳላችሁም ብዙ ጊዜ የቤቱ ርካሹ ነው። ጠርሙሱ ፊታችሁ ካልተከፈተ ብትተዉት ይሻላል፤ የተቀየጠ መጠጥ የከተማው የቆየ በሽታ ነው።

አፍሪካውያን የሚበዙበት ሺያዎቤይ ሠፈር ሌላ ዓለም ነው። እዚያ ማታ ማለት ምግብ፣ ሻይና ወሬ ነው፤ ብዙዎቹ ቤቶች የሙስሊም ምግብ ቤቶች ናቸው፣ ባር ፍለጋ አይኬድበትም። ሚያዝያ 2020 በኮቪድ ሰበብ አፍሪካውያን ከተከራዩበት ቤትና ከሆቴል ሲባረሩ፣ ቤጂንግ ያሉ የአፍሪካ አምባሳደሮች በጽሑፍ እስከመቃወም ደርሰው ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው ወጥቷል፤ ሠፈሩም እንደድሮው አይደለም።

ስንት ሰዓት ይዘጋል?

ከመጋቢት 2006 ጀምሮ የሚሠራ ደንብ አለ፤ ካራኦኬና ጭፈራ ቤት ከሌሊቱ 8 እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት መሥራት አይችሉም። በነሱ አቆጣጠር ደግሞ ከ2 እስከ 8 ነው። ቁጥሩ ተገልብጦ ይቀመጣል፤ እንዳትምታቱ። ለተራ ባርና ምግብ ቤት ይህ ሰዓት እንደዚያ አይጠብቅም። መንግሥትም በ2019 "የማታ ኢኮኖሚ" እንዲስፋፋ ብሎ መመሪያ አውጥቷል፤ ሱቁም ምግቡም አምሽቶ እንዲሠራ።

ጓንግዡ ግን ለዚህ መመሪያ አያስፈልጋትም ነበር። "ሲዩ የ" የሚባል ልማድ አላት፤ ከእራት በኋላ የሚበላ ሌላ እራት። ከክለብ የወጣውም፣ ጭራሽ ክለብ ያልገባውም እዚያ ይገናኛል። ዝቅ ያለች የፕላስቲክ በርጩማ፣ እግረኛ መንገድ ላይ የተዘረጋ ጠረጴዛ፣ ነጭ ሽንኩርት ተከምሮበት ፍም ላይ የሚንጨረጨር ኦይስተር፣ በሸክላ ድስት የሚመጣ የሩዝ ገንፎ ሸርጣን ገብቶበት። መጀመሪያ ግን ማንም አይበላም። ሻይ ይመጣል። በዚያ ትኩስ ሻይ ሳህኑንና ብርጭቆውን፣ ቾፕስቲኩን ጭምር አለቅልቀው ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ይደፉታል። በላስቲክ ታሽጎ የመጣውን የታጠበ ሳህን ሳይቀር! ቀጥሎ ሰው ሻይ ሲቀዳላችሁ በሁለት ጣት ጠረጴዛውን ቀስ አድርጋችሁ መታ መታ አድርጉ፤ አመሰግናለሁ ማለት ነው፣ ወሬ ሳያቋርጡ። ሰዓታችሁን ብታዩ ሌሊት 8 አልፏል። አዲስ አበባ ገና ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው፤ አምስት ሰዓት ይቀድሙናል።

ችግር ውስጥ የሚከተው ምንድን ነው?

ፓስፖርት። ዕድሜው 16 የሞላው የውጭ ሰው ሁልጊዜ ይዞ መንቀሳቀስ አለበት፤ ፖሊስ ባር ውስጥ ገብቶ ሊጠይቅ ይችላል። ከሆቴል ውጭ፣ ሰው ቤት የሚያድር ደግሞ በ24 ሰዓት ውስጥ ፖሊስ ጋ መመዝገብ አለበት።

ጫት። ይህን ጮክ ብዬ ልበለው። ቻይና ጫትን ከ2014 መጀመሪያ አንስቶ በጥብቅ ቁጥጥር ሥር ካሉ ዕፆች ጎራ አስገብታዋለች። አዲስ አበባ በየሱቁ የሚሸጥ መሆኑ እዚያ ምንም አይጠቅማችሁም። "ለጓደኛዬ አድርስልኝ" ተብሎ የተሰጣችሁን የታሸገ ቅጠል፣ "ሻይ ነው" ቢሏችሁም እንኳ፣ አትያዙ። ዕፅ ማዘዋወር በዚያ ሀገር እስከ ሞት ያስቀጣል።

ክፍያ። ጥሬ ገንዘብ ሕጋዊ ነው፣ ግን ሌሊት ዝርዝር መልስ ያለው ሰው ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ሁሉም ነገር በኪውአር ኮድ ነው። የውጭ ሀገር ካርድ ካላችሁ ከ2023 ወዲህ አሊፔይና ዊቻት ላይ ማያያዝ ቀሏል። ሀገር ቤት ሆናችሁ ሞክሩት፣ ሒሳብ ሲቀርብላችሁ አይደለም።

መኪና። ሜትሮው እኩለ ሌሊት አካባቢ ያበቃል። ጠጥቶ መንዳት ደግሞ ቀልድ የለውም። በ100 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ 20 ሚሊ ግራም አልኮል ከተገኘ ጥፋት ነው፤ 80 ከደረሰ ከግንቦት 2011 ጀምሮ ወንጀል ሆኗል፣ መንጃ ፈቃዱም ይሰረዛል። ታዲያ በመኪናው የመጣ ሰው እንዴት ይመለሳል?

"ዳይጂያ" ይጠራል፤ ምትክ ሾፌር። የክለቦቹ በር ላይ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሄልሜት ያደረጉ ሰዎች ትናንሽ ኤሌክትሪክ ብስክሌት ተደግፈው ስልካቸውን እያዩ ቆመው ታያላችሁ። ጥሪው ሲደርስ አንዱ ይመጣል። ብስክሌቱን ለሁለት ያጥፈዋል፣ የደንበኛውን መኪና የኋላ ዕቃ መጫኛ ከፍቶ ያነጥፍና ያስተኛዋል፣ ወንበሩ እንዳይቆሽሽ ሽፋን ያለብሰዋል፣ ሰውየውን በገዛ መኪናው ቤቱ ያደርሰዋል። ከዚያ ብስክሌቱን አውጥቶ ይዘረጋና ወደሚቀጥለው ክለብ ይነዳል።